ኮቱን ብቻ ያየው ሰው

ራቢያ በኮምቦልቻ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የፈትል ክፍል የፈረቃ ኃላፊ ናት። ዕድሜዋ ሠላሳ ስምንት ነው፤ አትደብቀውም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ተድራ፣ ባሏ «ወይ ሥራሽን ወይ እኔን» ሲላት ሳታንገራግር ሥራዋን የመረጠች ሴት ናት። ዛሬ ስልሳ ሠራተኛ ታዛለች። ማሽን ሲታመም ከድምፁ ብቻ የትኛው እንደሆነ ትለያለች። አለቆቿም ቢሆኑ ከእሷ ጋር ከመጨቃጨቅ እሺ ማለት ይቀላቸዋል። ያቃታት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ከሊድ።

ከሊድ ደሴ ፒያሳ ላይ ልብስ ሰፊ ነው፤ ትውልዱ ሐርቡ። ከእሷ በስድስት ዓመት ያንሳል። የዛሬ ሰባት ዓመት ለወንድሟ ሠርግ ቀሚስ ልታሰፋ ሄዳ ተዋወቁ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ትወጣለች። ከሱቁ አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። እሱ ስለ ጨርቅ ያወራል፣ እሷ ስለ ፈትል ታወራለች፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሚኒባስ ተሳፍራ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ትወርዳለች። በቃ! ሰባት ዓመት ሙሉ ይኼው ነው።

አይወዳትም እንዳይባል ደግሞ ይወዳታል፤ አንጀት የሚያሳርረውም ይኼ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ስልክ ሲቋረጥ ከደሴ ኮምቦልቻ ድረስ በእግሩ ወርዶ በሯን አንኳኳ። «ደኅና ነሽ?» አላት። «ደኅና ነኝ» አለችው። አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጣና በመጣበት እግሩ ተመለሰ። ያን ሁሉ መንገድ የተጓዘ ሰው፣ እዚያው ቆሞ ሁለት ቃል ቢጨምር ምን ይጎድልበት ነበር?

ዘንድሮ ታዲያ ነገሩ ቀነ ገደብ መጣበት። ጣሀ የሚባል፣ ሚስቱ የሞተችበት የደጋን ከተማ ነጋዴ እሷን ሊያገባ ወደ ወንድሟ ወደ ጁነይድ ሽማግሌ ላከ። ሰውየው ምንም እንከን አይወጣለትም። ጁነይድም «ከዛሬ ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጁምዓ ዕለት መልስ እሰጣለሁ ብያለሁ። የምትፈልጊው ሌላ ሰው ካለ እስከዚያ ስሙን ጥሪልኝ» አላት። ስም መጥራቱ አልቸገራትም፤ የቸገራት ያልጠየቃትን ሰው ምን ብላ እንደምትጠራው ነው።

በዚያው ሰሞን ደሴ ላይ አንድ ፊልም መታየት ጀመረ። የከተማው ልጆች አዋጥተው፣ ካሜራ ተውሰው፣ የሰፈር ሰው አሰልፈው የሠሩት ነው። ስሙን «ወንድ ልጃችሁን» ብለውታል። ባጃጅ የምትነዳ ሴት አንድ ዓይን አፋር ዳቦ ጋጋሪ ትወዳለች፤ ጠብቃ ጠብቃ ሲሰለቻት ራሷ ወደ አባቱ ቤት ሽማግሌ ትልካለች። ራቢያ መጀመሪያ ያየችው ከፋብሪካ ጓደኞቿ ጋር ነበር። ድምፁ አልፎ አልፎ ይቆራረጣል፤ ተዋንያኑ ሲሳሙ ሳይሆን ሲሳደቡ ነው የሚያምርባቸው፤ አንዱ ትዕይንት ላይ የመንገደኛ አህያ ሳትጠራ ገብታ ቆማለች። ቢሆንም ሴትየዋ በባጃጇ መስታወት ራሷን አይታ «ቆይ ግን እኔ የምጠብቀው ምንድን ነው?» ስትል፣ ራቢያ ሳቋን አቋረጠች። እንባዋን በሻርፗ ጠረገች። በትልልቅ ፊልሞች ውስጥ እንደ እሷ ያለች ሴት ወይ አክስት ናት ወይ ጎረቤት፤ እዚህ ግን የተወደደችውም የምትወደውም እሷው ነበረች።

«ይኼን አይቶ ካልገባው እንግዲህ አይገባውም» አለችና በማግስቱ ቅዳሜ ከሊድን ይዛው ገባች።

ከሊድ ሳቀ። ከልቡ ሳቀ፤ ሁለቴ ጭኑን መታ። ሲወጡ «እንዴት አየኸው?» አለችው።

«ቆንጆ ነው፣ ወላሂ!»

«ምኑ?»

«የልጁ ኮት። ግን አየሽልኝ? መጀመሪያ ላይ ሁለት ቁልፍ ነበረው፤ ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት ሦስት ሆነ። ሁለት ኮት ነው ያለበሱት።»

ራቢያ ጥርሷን ነክሳ ተሳፈረች። በሳምንቱ መልሳ ወሰደችው። «ኮቱን ተወው፤ ሴትየዋን እያት» ብላ አስጠነቀቀችው። አያት። ሲወጡ «እውነትሽን ነው፣ እሷን በደንብ አላየኋትም ነበር» ሲላት አላህ ልመናዋን የሰማ መሰላት። «ቀሚሷ ትከሻው ላይ ይጎትታታል» አለ ቀጥሎ። «እጅጌው ሲገጠም ተዛብቷል።»

ሦስተኛው ቅዳሜ የመጨረሻው ነበር፤ ጁነይድ የሰጣት ጊዜ የሚያበቃው በሚመጣው ጁምዓ ነው። «ዛሬ የልብስ ነገር ካነሳህ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ጥዬህ ነው የምሄደው» አለችው። ከሊድ አንገቱን አቀርቅሮ ገባ። ፊልሙ የአባትየውን መልስ ሳያሰማ ያልቃል፤ መብራት ሲበራ አዳራሹ በጭቅጭቅ ተሞላ። ከኋላቸው የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ሴት ሽማግሌ ልካ! ይኼም ፊልም ተብሎ!» ሲሉ ራቢያ ዞረችባቸው።

«አባባ፣ እርስዎ በጊዜዎ ደፍረው ጠይቀዋል። የማይደፍረውንስ ማን ይጠይቅልን?»

ሁለቱ ወጥተው በደሴ ጉም ውስጥ እስከ መናኸሪያው ድረስ ሄዱ። መናኸሪያው በር ላይ ሲደርሱ ቆመ።

«ራቢያ።»

«አቤት!»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ሚኒባሱ እንዳያመልጥሽ» አላት።

ሐረጎን እስክትወርድ ድረስ ደሟ ፈላ። ጎኗ የተቀመጠችው ሴትዮ «አብሽሪ እህቴ፣ ምን ሆንሽ?» ብላ ብትጠይቃት «ምንም! የሆነ ነገር ቢኖርማ ጥሩ ነበር!» አለቻት።

በማግስቱ እሑድ በማለዳ ጋሽ ኪዳኑ ቤት ሄደች። ጋሽ ኪዳኑ የፋብሪካው መካኒክ ናቸው፤ ገና ጀማሪ ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ እንደ አባት የሚያዩዋት ሰው።

«ጋሼ፣ ሽማግሌ ሁኑልኝ።»

«ማን ሊያገባ?»

«እኔ። ሐርቡ፣ የከሊድ እናት ዘንድ ነው የምትሄዱት።»

ጋሽ ኪዳኑ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺ ልጅ፣ ይኼ ከዚያ ከፊልሙ ነው አይደል?»

«ከፊልሙም ነው፣ ከሰባት ዓመቱም ነው።»

ጋሽ ኪዳኑ ብዙ አልተሟገቱም። ጎረቤታቸውን ሸህ ሚስባህን ጠሩና ሦስቱም በባጃጅ ሐርቡ ወረዱ። ከሊድ እሑድ እሑድ እናቱን እትዬ ከሪማን ሊጠይቅ እንደሚሄድ ራቢያ ታውቃለች። እሷ ወግ ይጠበቅ ብላ ባጃጁ ውስጥ ቀረች፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ገቡ።

የሐርቡ ሙቀት ባጃጁን ምድጃ አደረገው። አሥር ደቂቃ ሆነ። ሃያ ሆነ። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ «መጠበቅ በቃኝ!» ብላ ወረደችና የተከፈተው በር ዘንድ ሄዳ ቆመች። ሽማግሌዎቹ አሁንም እንደቆሙ ናቸው፤ የመጡበት ጉዳይ እሺ ሳይባል ሽማግሌ አይቀመጥም። ከሊድ ጥግ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

«አጃኢብ!» ይላሉ እትዬ ከሪማ። «ወንድ ልጅ ደሞ ይጠየቃል? ያውም በስድስት ዓመት ለምትበልጠው፣ ለፈት! ሸህ ሚስባህ፣ እርስዎ እንኳ ምን ነካዎት?»

«ከሪማ» አሉ ሸህ ሚስባህ ረጋ ብለው፣ «የነቢያችን ባለቤት እመት ኸዲጃ ራሳቸው አይደሉ ወደ ነቢዩ መልእክተኛ የላኩት? በዕድሜስ አይበልጧቸውም ነበር?»

«እሳቸው እኮ እሳቸው ናቸው!»

ይኼኔ ከሊድ ብድግ አለ። ራቢያ በጓሮ በር ሊወጣ ነው ብላ አሰበች። እሱ ግን ቤቱን አቋርጦ መጣና ጋሽ ኪዳኑ አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆመ።

እናቱ ግራ ገባቸው። «አንተ ደሞ ምን ሆነህ ነው የቆምኸው?»

«ሽማግሌ ሆኜ ነው፣ እማ።» አለ። «እኔን ለራቢያ ስጪልን።»

ራቢያ ደጅ ላይ መሆኗን ረሳችው። «ሰባት ዓመት ሙሉ ይኼ አፍህ የት ነበር?» ብላ ጮኸችበት። ሁሉም ዞሩ። እያለቀሰች እንደሆነ ያወቀችው ጉንጯ ሲርስ ነው፤ እሱን አንቆ መያዝም ማቀፍም አማራት።

ከሊድ አያት፤ ዛሬ ልብሷን አላየም። «ጠይቄሽ እምቢ ብትይኝ ቅዳሜዬን አጣለሁ ብዬ ነው» አላት። «ከቅዳሜ ሌላ ምን አለኝ?»

እትዬ ከሪማ ልጃቸውን አዩ፣ ደጅ የቆመችውን ሴት አዩ። ልጃቸው በአንድ ትንፋሽ ይኼን ያህል ሲናገር እሳቸውም ሰምተው አያውቁም።

«ይኼን ዝምተኛ ትችይዋለሽ?» አሏት።

«ሰባት ዓመት ችዬዋለሁ።»

እትዬ ከሪማ በረጅሙ ተነፈሱ። «እንግዲያ ምን ትገተራላችሁ» አሉ፣ «ግቢ፤ ሁላችሁም ተቀመጡ።»