ለጋሼ የሚሆን ሳንባ

ሥጋ ሻጩ ሳንባና ጣፊያ በፌስታል እየቋጠረ ዘወትር ይቆጣት ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ለሽማግሌ ሰው ሁልጊዜ ሳንባ? ጋሼ አንድ ቀን እንኳ ለስላሳ ሥጋ አይቀምሱም?»

«ለስላሳ አይወዱም። አጥንት ካለህ ጨምርልኝ» ትለዋለች፣ ሳቋን እየዋጠች።

«አጥንት! በዚያ ዕድሜያቸው! እግዜር ይይልሽ።»

ጋሼ ሰው አልነበሩም። አንድ ክንፋቸው የተቆረጠ፣ አንገታቸው የተመለጠ፣ ትከሻቸው የጎበጠ ጥንብ አንሳ ነበሩ። የቆሰሉ አዳኝ ወፎች ወደሚታከሙበት ጣቢያ በጆንያ ተጠቅልለው የመጡ ዕለት፣ የጣቢያው ሐኪም፣ ይህችው ሳንባ ገዢ፣ ያን መላጣና ያን ኩርፊያ አይታ «ጡረታ የወጡ ዳኛ ይመስላሉ» አለች። ከዚያ ወዲያ አንቱ ተባሉ። ቀልድ ነበር። ቀልድ ግን ሲቆይ ዘመድ ይሆናል።

ሐኪሟ አላገባችም፣ አልወለደችም። ከእናቷ ጋር ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ማታ ስትገባ እናቷ አንጀት አንጀት የሚለውን ካፖርቷን በር ላይ ያስወልቋትና ለጎረቤት በሚሰማ ድምፅ «የሰው ልጅ እናቱን ይጦራል፤ የኔዋ አሞራ ትጦራለች!» ይላሉ።

በዚያ ዓመት ጣቢያውን የሚያስተዳድረው የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት ገንዘብ ተቀነሰና ኮሚቴ ተቀመጠ። ኮሚቴ ማለት ሰው ብቻውን ሊሳሳተው የሚያፍረውን ነገር ከባልንጀሮቹ ጋር ሳያፍር የሚሳሳትበት ጠረጴዛ ነው። ለአዳኝ ወፎች የተመደበው ገንዘብ ለአንድ ሥራ ብቻ ይበቃል።

«ለንስሩ ይሁን» አለ ሊቀመንበሩ። ንስሩ በማኅተሙ ላይ አለ፤ በከረባቱም ላይ አለ። «ንስር ክብራችን ነው። ጀርባው ላይ መከታተያ መሣሪያ እንግጠምለት፤ የትም ይብረር የት እናውቃለን።»

ንስሩ ደህና ነበር። ይበርራል፣ ያድናል፣ ይፈለፍላል። የጎደለው ነገር ቢኖር ኮሚቴ ብቻ ነበር።

እያለቀ ያለው ጥንብ አንሳው ነው። ከብት አርቢዎች ጅብ ሲያስመርራቸው የሞተ በሬ ላይ መርዝ ይነሰንሳሉ። ጅቡ ይሞታል። አሞራ ግን እንደ ሠርገኛ ተጠራርቶ ነው ማዕድ የሚቀርበው፤ መንጋው እንዳለ እዚያው ይቀራል። ሐኪሟ ገንዘቡ ለአርቢዎቹ ጅብ የማይደፍረው በረት ይሠራበት፣ መርዙን ያኔ ይተዉታል አለች።

«ሐኪም» አለ ሊቀመንበሩ ፈገግ ብሎ፣ «ጥንብ አንሳ ብለን ለጋሾች ፊት እንቅረብ? ስድብ እኮ ነው! ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ይህ ሁሉ የጋሼሽ ቀለብ እንዳይቋረጥ አይደል?»

ጠረጴዛው ሳቀ።

ገንዘቡ ለጣቢያውም ለበረቱም ስለማይበቃ፣ በረቱ ጣቢያው ካልተዘጋ እንደማይሠራ ሐኪሟ ወደ ስብሰባው ሳትገባም ታውቅ ነበር። ሌላ መንገድ ይገኝ እንደሆነ ብላ አፏን ይዛ ነበር።

«እንግዲያው ጣቢያውም ይዘጋ» አለች። «የጣቢያው ቀለብና ደመወዝም ተጨምሮ ለበረቱ ይሁን።»

የራሱን እንጀራ የሚቆርጥ ሰው አይቶ የማያውቅ ጠረጴዛ ምን ይላል? እጅ ወጣ፣ ጸደቀ።

መብረር የሚችሉት ወፎች ተለቀቁ። ጋሼን የሚወስድ ግን ጠፋ። የደወለችለት መካነ እንስሳት «ንስር ቢሆን በደስታ» አላት።

«በረንዳው ላይ አምጪያቸው» አሉ እናቷ። «አንድ ሽማግሌ ቢጨመር ምን እንሆናለን?»

«ሕጉ ይከለክላል፣ እማዬ። የዱር ነገር ቤት አይገባም።»

እናቷ ያን ማታ ካፖርቷን በር ላይ አላስወለቋትም።

የመጨረሻውን መርፌ ራሷ ወጋቻቸው። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ሳንባ ያለ መስሏቸው ኪሷን በምንቃራቸው ፈተሹ። «ይቅር ይበሉኝ» አለቻቸው። አንቱታቸውን እስከ መጨረሻው አላጎደለችባቸውም።

በረቱ መሠራት ጀመረ። ሊቀመንበሩ የዓመቱን ሪፖርት ሽፋን በንስር አስጌጠው።

ከዚያ አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ እግሯ በልማድ ሥጋ ቤት አደረሳት።

«ነይ፣ ነይ፣ ሳንባው ዛሬ ቆንጆ ነው!» አለ ሥጋ ሻጩ። «ጋሼ እንዴት ናቸው?»

«አረፉ።»

ቢላውን አስቀመጠ። እጁን በሽርጡ ጠርጎ ከባንኮኒው ጀርባ ወጣ። «ውይ! ሳትነግሪኝ? እኔ ደግሞ ስጨቀጭቅሽ... እግዜር ያጥናሽ፣ እህቴ። እስከ መጨረሻው ጦረሻቸዋል፤ እኔ ምስክር ነኝ።»

ልታርመው አፏን ከፈተች። ወፍ ነው፣ ልትለው። የወጣው ግን ቃል ሳይሆን ለቅሶ ነበር። ሥጋ ሻጩ የራሱን በርጩማ ጎትቶ አስቀመጣት።

«ኧረ ቶሎ በል!» አለ ከሰልፉ አንዱ።

«ሐዘን ላይ ናት!» ብሎ ጮኸበት። «ታገሥ!»

ሰልፉ ታገሠ።