ጋሽ አየለ የዘለሉት ገጽ

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ከእንጦጦ ቁስቋም ቁልቁል የሚወርደው ብርድ ሲጠና ጎረቤታችን ጋሽ አየለ አንድ ወፍራም የሩሲያ ልብ ወለድ በብብታቸው ሸጉጠው ይመጡ ነበር። ያኔ ከቤታችን አጥርቶ ማንበብ የሚችለው ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውታል። ጋሽ አየለ ኩራዙን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው፣ ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ ገጹን እየገለጡ፣ የአንድ ዘማች ልጅና የእናቱን ታሪክ ያነቡልናል። እማዬ ፍሙን ትቆሰቁሳለች፤ ዓይኗን ግን ከመጽሐፉ አትነቅልም።

«ዛሬስ ደረሰ?» ትላለች።

«መንገድ ላይ ነው፤ አትቸኩይ እንጂ!»

በመጨረሻው ምሽት ልጁ ደረሰ። እናቱ በሯን ሳትቀረቅር ስለጠበቀችው ሳያንኳኳ ገባ። እማዬ እልል አለች፤ እኔም፣ በቃ፣ ታዴ ይመጣል ብዬ አመንኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በራችን አልተቀረቀረም።

አድጌ፣ ትምህርቴን ጥዬ ዊንጌት አጠገብ ጎሚስታ ቤት ስቀጠር መጽሐፉን እንዲያውሱኝ ጠየቅኋቸው። «ይከብድሃል፣ ይቅርብህ» ቢሉኝ እልህ ያዘኝና ወሰድኩት። እውነትም ጉድ ነው! አንዱ ሰው በሦስት ስም ይጠራል፤ ስለ በረዶ ብቻ ሙሉ ምዕራፍ። ሁለቴ ጎማ ክምር ላይ ወርውሬዋለሁ። ግን እናትዬዋ የልጇን ኮት አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ስትቀመጥ፣ ይሄን የጻፈው እማዬን ያየ ሰው ነው ብዬ እንደገና አነሳሁት። ከዚያ፣ መጽሐፉ ገና ሳይጋመስ፣ ልጁ ሞተ። በአንዲት መስመር። እስከ ሽፋኑ ድረስ አገላበጥኩ፤ መመለስ የሚባል ነገር የለም።

እጄን እንኳ ሳልታጠብ ሄድኩባቸው።

«ጋሽ አየለ፣ ልጁ ሞቷል እኮ!»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እናትህ እየሰማች ምን ላነብ ኖሯል?»

«እኔስ? እኔም እሰማ ነበር!»

መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ።

ደራሲው ቢያንስ ፊት ለፊት ነው የመታኝ። እሳቸው ግን ገጽ እየገለጡ፣ ጣታቸውን እያራሱ፣ የሌለ ነገር አነበቡልኝ። ታዴ እስከ ዛሬ አልመጣም። ሲመሽ የእንጦጦ ነፋስ በሩን ሲያንገጫግጨው ልቀረቅረው እነሳለሁ። «ተወው» ትላለች እማዬ።

እተወዋለሁ።