የእሱ እጅ ያለበት ከበሮ

ከሶፍትዌሩ ጋር ተዘጋጅቶ የሚመጣውን ከበሮ አልወድም። ንጹሕ ነው፣ ልክ ነው፣ የማንም አይደለም። አዲስ አበባ የተሠራውም ዘፈን፣ እዚህ ዲላ እኔ የምሠራውም በዚያው በአንዱ ከበሮ ሲመታ መስማት ያናድደኛል። ዘፈን ሊቀርጹ የሚመጡት ልጆች ግን "ብሮ፣ እንደ እነ እገሌ ዓይነት ቢት አድርግልን" ነው የሚሉኝ። ደንበኛ ንጉሥ ነው ይባላል፤ ጆሮ ያለው ንጉሥ ግን ጥቂት ነው።

ስቱዲዮ የምለው አባቴ ጨርቅ ይሸጥበት የነበረው ሱቅ ነው። ግድግዳውን በቡና ጆንያና በአሮጌ ፍራሽ ሸፍኜዋለሁ። ደጅ ላይ አንድ ትልቅ ስፒከር አለ፤ ወደ ወናጎ በሚወስደው አስፋልት ላይ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል።

"የራሳችንን ከበሮ እንሥራ" ያለኝ ጓደኛዬ ነው። ባጃጅ ይነዳ ነበር። ተሳፋሪ ሲጠብቅ የባጃጁን ጎን፣ ሻይ ሲጠጣ ጠረጴዛውን፣ ሲያወራ የሰው ጀርባ ይመታል። አንድ እሁድ ላፕቶፑንና ማይኩን ይዘን አጎቱ ወደሚሠራበት የዱመርሶ ቡና ማጠቢያ ሄድን። የቡናው ወቅት አልፎ ገንዳው ደርቆ ነበር። ጓደኛዬ ቡና የሚታሽበትን እንጨት አንስቶ የቦዩን የሲሚንቶ ጠርዝ መታው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ። ግማሽ ድረስ ውኃ የያዘ ጀሪካን በመዳፉ መታ፤ ያ ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ሆነልን። እኔ እያንዳንዱን ምት ለብቻው ቆርጬ፣ ለስላሳውንም ጠንካራውንም ለይቼ፣ በኪቦርዱ ቁልፎች ላይ ደረደርኳቸው። ቁልፉን ስጫን የሱ እጅ ይመታል። ጣቱ ላይ ያለችው የብር ቀለበት ጀሪካኑን ስትነካ ጠቅ ትላለች፤ ላጠፋት ስል ጮኸብኝ።

"ተዋት እንጂ! እሷን ካወጣሃትማ ማን እንደመታው በምን ይታወቃል?"

በዚያ ከበሮ አንድ ዘፈን ሠራን። ከተማው ወደደው። ባጃጆቹ ሁሉ እሱን ከፍተው ሲያልፉ እኛ ደጅ ላይ ቆመን እንደ ሙሽራ እንሽኮረመም ነበር።

ከዚያ ጓደኛዬ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በደጃችን ነው የሚያልፈው። ስንት ለመንኩት። "እዚሁ ባጃጅ ስነዳ ልሸብት?" አለኝ። ከኬንያ ደወለ፣ ከታንዛኒያ ደወለ፣ ከዚያ ጠፋ። እናቱ "ስልኩን ሰርቀውት ነው" ይሉኛል፤ እኔም "አዎ፣ እዚያ ሌባ ብዙ ነው" እላቸዋለሁ። ሁለታችንም ማመን እንፈልግ ነበር።

እናቱ ከስቱዲዮዬ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ቆጮ ይሸጣሉ። ጌዴኦ ናቸው፤ አማርኛውን የያዙት ከገበያ ነው። አማኝ ስለሆኑ ዘፈን አይወዱም። ልጃቸው ከሄደ ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት ቆጯቸውን በእንሰት ቅጠሉ ላይ ዘርግተው እንደጨረሱ ከማዶ ይጣሩ ነበር።

"አንተ ልጅ! ያ የልጄ አድርግ!"

"እማማ፣ ዘፈን ኃጢአት ነው ብለውኝ አልነበር?"

"ዘፈኑ የሰይጣን ነው። እጁ የልጄ ነው። አንተ እጁ ብቻ አድርግ።"

የዘፋኙን ድምፅና ኦርጋኑን አጥፍቼ ከበሮውን ብቻ እለቅላቸዋለሁ። ትንሽ ይሰማሉ፤ ከዚያ እኔ ሰልችቶኝ ወደ ሌላ ዘፈን እቀይራለሁ።

አንድ ጠዋት የእድራችን ዳኛ ወደ ስቱዲዮው ገቡ። እኚህ ሰው ሙዚቃ ቤት የሚገቡ ሰው አይደሉም። ሳይናገሩ ገባኝ። አብሮት የሄደ ልጅ ደውሎ ነው፤ ጓደኛዬ መንገድ ላይ ታሞ ሞቷል፣ እዚያው ቀብረውታል። እጄን ወደ ስፒከሩ ማጥፊያ ዘረጋሁ። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ሙዚቃ ይዘጋል፤ ይህን ማንም አያስተምርም፣ ሁሉም ያውቀዋል።

"ተው! እንዳትዘጋ" አሉኝ። "መርዶው ነገ ጎህ ሲቀድ ነው። የእናቱ ወንድሞች ከወርቃ እስኪደርሱ ነው የምንጠብቀው። አሁን ብትዘጋ ይገባታል፤ ብቻዋን መንገድ ዳር ትወድቅብናለች።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"እንደ ወትሮህ አጫውት።"

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ከማዶ ድምፃቸው መጣ። "አንተ ልጅ! ያ የልጄ አድርግ!"

እኔና ሽማግሌው ተያየን። ከበሮውን ለቀቅኩት።

እንደ ወትሮህ! ሽማግሌውን ያን ቀን ጠላኋቸው፤ ወጉንም ጠላሁት። ሞቶ መሬት የገባ ሰው ጀሪካን እየመታ፣ ቀለበቱ ጠቅ እያለች፣ እናቱ ከማዶ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እኔ ደግሞ በሩ ክፍት ስለሆነ ማልቀስ አልችልም። ወደ ሌላ ዘፈን ልቀይር እልና እጄ እምቢ ይለኛል። ነገ ከተዘጋ መቼ እንደምከፍተው ማን ያውቃል? ስለዚህ እየዞረ እንዲመለስ አድርጌ ተውኩት።

ወሬው እስከ ቀትር ሰፈሩን አዳረሰ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ እሳቸው ይሄዳሉ፣ ቆጮ ይገዛሉ፣ ፊታቸውን አዙረው ይመለሳሉ። ባጃጅ ነጂዎቹ እሳቸው ጋ ሲደርሱ ቀስ ብለው እጅ ነስተው ያልፋሉ። ሁሉም ሰው ደግ ሆኖ ዋለ። እንዲህ ያለ ደግነት ያስፈራል።

አመሻሹ ላይ እማማ አስፋልቱን ተሻግረው መጡ። ስቱዲዮዬ ገብተው አያውቁም ነበር። ባዶ ሳፋቸውን በሩ ሥር አስቀመጡና ጆንያ የለበሰውን ግድግዳ ዞር ዞር ብለው አዩት።

"ዛሬ ቆጮ አለቀ" አሉኝ።

"እሰይ፣ እማማ።"

"ማንም አልተከራከረኝም። አንድ ሰው እንኳ ውድ ነው አላለም። እዚህ ቦታ ስቀመጥ አረጀሁ፤ እንዲህ ያለ ቀን አላየሁም።"

ወደ ላፕቶፑ ዞር አልኩ።

"አንተም ሌላ ቀን ትሰለቻለህ፣ ትቀይራለህ። ዛሬ አልቀየርክም።"

ልናገር ስል እንባዬ ቀደመኝ። እሳቸው አላለቀሱም። እንደ ሕፃን ልጅ በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ።

"እንዳትነግረኝ" አሉ። "ነገ ሽማግሌ ይመጣል፣ ወንድሞቼ ይመጣሉ። ደክመውበታል፤ እነሱ ይንገሩኝ። ያኔ አለቅሳለሁ።" ከዚያ ወደ ስፒከሩ አዩ። "ነገ ይሄ ይዘጋል አይደል?"

"ይዘጋል፣ እማማ።"

"እንግዲያ ዛሬ አትዝጋ። ቤቴ ቅርብ ነው። ቀስ ብሎ ይምታ፤ እኔ ጋ ይሰማል።"

ሳፋቸውን አንስተው ሄዱ። ድምፁን ዝቅ አድርጌ እዚያው ወንበሬ ላይ አደርኩ።

ሰማዩ መቅላት ሲጀምር ሽማግሌዎቹና የእማማ ወንድሞች ጋቢያቸውን ተከናንበው በደጄ አለፉ። የእድሩ ዳኛ ከበሮውን ሲሰሙ ቆም ብለው በእጃቸው "አሁንስ ዝጋ" አሉኝ። እንዳላየ ሆንኩ። ጥቂት እርምጃ ሄደው የእማማን በር አንኳኩ። እሳቸው ከውስጥ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው፣ "ማን ነው?" ሲሉ ሰማሁ። ያኔ ዘጋሁት።