ከአውሮፕላኑ የተረፈችው ብረት

ሰፈሩ ካፒቴን ይለዋል እንጂ ሥራው ሊፍት ጥገና ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሰው ሕንፃ ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ ኖሮ፣ አንድ ቀን ከመጨረሻው ፎቅ በላይ ያለውን ማየት አማረው። ሌላ ሰው ቢሆን ጣራ ላይ ወጥቶ፣ ትንሽ ነፋስ ተቀብሎ ይመለስ ነበር። እሱ ግን ተበታትኖ በሳጥን የሚመጣ፣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን አዘዘ። ሳጥኖቹ ሲራገፉ ሚስቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ተመለከተች።

"ይሄ ሁሉ ይበራል?" አለችው።

"ሲገጣጠም።"

"ሳይገጠም የሚተርፈውስ?"

"ምንም አይተርፍም" አለ ቅር ብሎት።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ የሰው መኖሪያ መሆኑ ቀረ ማለት ይቻላል። መኪናቸው ጋራዡን ለአውሮፕላኑ ለቃ ውጭ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቅባታል። ክንፎቹ ጋራዡ ስላልበቃቸው ሳሎን ገቡ። አንደኛው ከሶፋው በላይ ግድግዳው ላይ ስለተሰቀለ እንግዳ የሚቀመጠው አንገቱን ሰብሮ ነው። ባዶ የወተት ጣሳ ሁሉ የብሎን ማስቀመጫ ሆነ።

የበረራ ትምህርቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አስተማሪው ኮስታራ ሰው ነበር። "የአውሮፕላን ማረፊያው መቆጣጠሪያ ማማ ያዘዘህን ሁሉ ቃል በቃል በሬዲዮ መልሰህ ትለዋለህ" አለው። "እሺ ብሎ ነገር የለም። እሺ ያለ ሰው ሰምቷል ማለት አይደለም።" ካፒቴን ይህን እንደ ቃል ኪዳን ያዘው። ማታ ማታ የጆሮ ማዳመጫውን ደፍቶ ጋራዥ ውስጥ እየተንጎራደደ፣ አንዴ ማማው አንዴ አብራሪው ሆኖ ለራሱ ያዛል፣ ለራሱ ይመልሳል። የሚያልፍ ሰው ሲሰማው ሁለት ሰዎች በጣም ተከባብረው የሚጨቃጨቁ ይመስለዋል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። መጀመሪያ አካባቢ አኩርፋ ነበር። ነገር ግን ክንፉ ላይ የሚወጠረውን ጨርቅ እሱ ራሱ መስፋት ሲጀምር ስፌቱን አየችና መታገሥ አቃታት። "ወዲያ በል፤ ይሄ ስፌት ነው ወይስ ቁስል?" ብላ መርፌውን ከእጁ ነጠቀችው። ያን ክረምት የሰው ቀሚስ ሁሉ አቆይታ ሁለቱንም ክንፎች ሰፍታ ጨረሰች። ቀለም ከተቀቡም በኋላ ጎረቤት ሲመጣ ጣቷን በስፌቱ ላይ እያስኬደች "ንኪው እስቲ" ትላለች። አንድ ቀን ደግሞ ሳይጠይቃት፣ "አውሮፕላን የሚፈትሸው መርማሪ አይቶ ከፈቀደ፣ አንተም ብቻህን በርረህ በሰላም ከወረድክ፣ ሁለተኛው ወንበር የኔ ነው" አለችው። "ግን አንዲት ብሎን ተርፋ ባይ እግሬን አላነሳም።"

ካፒቴን ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። እውነቱን ለመናገር አውሮፕላኑን የፈለገው ለዚሁ ነበር። ሊፍት ጠጋኝ በጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ብቻውን የሚውል ሰው ነው፤ "አየሽ?" የሚላት አጠገቡ የለችም። አንድ ጊዜ እንኳ ከላይ ሆኖ "ቤታችን ያውልሽ" ሊላት ይመኝ ነበር።

እንግዲህ ብረቷ የተገኘችው መርማሪው ሊመጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ጣሳዎቹ ሁሉ ባዶ ሆነዋል፤ ሜዳ ላይ ከሚገጠሙት ክንፎች በቀር የሚገጠመው ሁሉ ተገጥሟል። ካፒቴን የሥራ ጠረጴዛውን ሊወለውል እርጥብ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችው። አውራ ጣት የምታህል፣ አንድ ጎኗ እንደ ምላስ የወጣ፣ መሃሏ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያላት ብረት ናት። አገላብጦ አያት። አያውቃትም። ባዶ ሳጥን ላይ ተቀመጠ።

የመገጣጠሚያውን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አገላበጠ፤ እሷን የመሰለ ሥዕል የለም። ፎቶ አንስቶ ለፋብሪካው ላከ። "ይህች ዕቃ የእኛ አይደለችም" የሚል መልስ መጣለት። "ታዲያ የማን ልትሆን ነው? በዚህ ቤት ሌላ አውሮፕላን የሚሠራ አለ?" ብሎ ስልኩ ላይ ተቆጣ።

ቧንቧ ሠራተኛ የሆነውን የሚስቱን ወንድም፣ ለእህቱ እንዳይነግር አስምሎ አሳየው።

"ጋሼ፣ ይቺማ የቧንቧ ናት" አለ ሰውየው።

"የምን ቧንቧ?"

"እሱን አላውቅም። መልኳ ግን የቧንቧ ነው።"

ጎረቤቱ የጥርስ ሐኪም ደግሞ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አያትና፣ "ከአፍ የወጣች አይደለችም። ከዚህ በላይ አልፈርድም" ብሎ መለሰለት። ካፒቴን አመስግኖ ወጣ፤ ቢያንስ አንድ ነገር ታውቋል።

አጥብቆ የሚያስበው ግን መታጠቢያ ቤት ሲገባ ነበር። የመታጠቢያ ቤቱ በር ሰሞኑን ሲገፉት መልሶ እየተከፈተ አስቸግሯል። ካፒቴን "እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ነው፤ ፀሐይ ሲወጣ ይመለሳል" ብሎ ፈርዶበታል። ስለዚህ የከተማው የሊፍት በር ሁሉ እንዲዘጋ የሚያደርገው ሰው፣ መቀመጫው ላይ ሆኖ አንድ እግሩን ዘርግቶ የገዛ በሩን ይደግፋል፣ በእጁ ብረቷን ያገላብጣል። ሚስቱ በበኩሏ እዚያ በገባች ቁጥር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መዝፈን ጀምራለች። ድምፅዋ አያምርም። እሱ ግን "ልትበር ነውና ደስ ብሏታል" እያለ ሆዱ ይባባል።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ላይ ደረሰ። በሚታየው ቦታ ሁሉ ፈልጎ አጥቷታል፤ ስለዚህ ቦታዋ በማይታየው ውስጥ መሆን አለበት። የማይታየው ደግሞ ክንፉ ነው፤ ሚስቱ ሰፍታ የዘጋችው። ብረቷን ደብቆ ቢተዋት እና ክንፉ ሰማይ ላይ ቢከዳቸውስ? ስፌቱን ቢቀደውስ ሚስቱ ምን ትለዋለች? ሁለቱንም አሰበና የኋለኛው የበለጠ አስፈራው። ቢሆንም ወሰነ። እሷ ገበያ የወጣችበትን ሰዓት ጠብቆ ክንፉን ከግድግዳው አወረደው፤ ያገኘው ስለት ሁሉ ደንዝ ስለነበረ መቀሷን ከመሳቢያዋ አወጣ። ያ መቀስ ከጨርቅ በቀር ወረቀት እንኳ የማይነካ፣ ልጆቻቸው ቤቱን ለቀው እስኪወጡ ድረስ ሲፈሩት የኖሩት መቀስ ነው።

ጫፉን ስፌቱ ላይ ሲያሳርፍ በሩ ተከፈተ። ሚስቱ ቦርሳዋን ረስታ ተመልሳለች።

"መቀሴን ነው የያዝከው?" አለች መጀመሪያ። ቀጥሎ የያዘበትን ቦታ አየች። "አንተ ሰውዬ፣ ምን ልታደርግ ነው?"

ካፒቴን መዋሸት አይችልበትም። ሌላውን እጁን ዘርግቶ ከፈተው። "ተርፋ ነው" አለ። "ቦታዋን አጣሁት። ወንበሩ ላይ እንደማትቀመጪ አውቃለሁ፤ ግን ይህን ደብቄ ከማበርሽ ክንፉን ብቀደው ይሻላል ብዬ ነው።"

ሚስቱ ብረቷን አየቻት። እሱን አየችው። ከእጁ መቀሱንም ብረቷንም ወሰደችና "ና" ብላ ወደ መታጠቢያ ቤቱ መራችው። የበሩን እጀታ ነቅላ ብረቷን ከመቆለፊያው ውስጥ አስገባቻት፣ የእጀታው ዘንግ በአራት ማዕዘኑ ቀዳዳ እንዲያልፍ አድርጋ መለሰችው። ከዚያ በሩን ዘጋችው። ተዘጋ።

"ወድቃ አግኝቻት ጠረጴዛህ ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ" አለች። "ነግሬሃለሁኮ።"

"መቼ?"

"ያን ነገር ጆሮህ ላይ ደፍተህ ለራስህ ስትመልስ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ብረት ናት፣ ሲመችህ ግጠማት አልኩህ። እሺ አልክ።"

ካፒቴን እሺ ማለቱ ትዝ አለው። ሌላው ምንም ትዝ አላለውም።

"ታዲያ ለምን አልደገምሽልኝም?"

"እስከ መቼ እንደሆነ ልየው ብዬ ነዋ። እዚያ ገብቼ የምዘፍነውስ ለምን መሰለህ?"

"ደስ ብሎሽ።"

"ሰው እንዳይገባብኝ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ዘፍኜ አውቃለሁ?"

እሷ ሳቀች፤ እሱም ተከትሎ ሳቀ። እሷ ግን ቶሎ አቆመች። "ስማ፣ ክንፉን አምነዋለሁ፤ የሰፋሁት እኔ ነኝ። የማላምነው ጆሮህን ነው" አለችው። "ምድር ላይ አጠገብህ ቆሜ የነገርኩህን ካልሰማህ፣ እዚያ ላይ ሞተር እየጮኸ ብናገር ማን ሊሰማኝ ነው?"

ካፒቴን ከአንጀቱ አፈረ። ክንፉን መልሶ ሰቀለ፣ ቦርሳዋን አቀበላት። በሩ ድረስ ሸኝቷት ሲመለስ እሷ ዞር ብላ፣ "ለማማው እንደምትመልስ ለኔም መልስልኝ። ያኔ እናያለን" አለችው።

መርማሪው መጣ፣ ብሎን ሁሉ ነካክቶ ፈቀደ። ካፒቴንም ብቻውን በርሮ ደህና ወረደ። ሁለተኛው ወንበር ግን ገና ባዶ ነበር፤ ፈተናው ቤት ውስጥ ቀጥሏል። "ሽንኩርት አልቋል" ስትለው "ሽንኩርት አልቋል፤ ላመጣ ነው" ይላል። "እግርህን ጥረግ" ስትለው "እግሬን እየጠረግሁ ነው" ይላል። የሚስቱ ወንድም ይህን ሲሰማ ምሳውን አቁሞ "ጋሼን ሐኪም አይቶታል?" ብሎ እህቱን በሹክሹክታ ጠየቃት። እሷ ተረጋግታ ትበላ ነበር።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ጠዋት ከነጠላ ጫማዋ ወጥታ ሸራ ጫማ አደረገችና አብራው አውሮፕላን ሜዳ ሄደች። ወንበሩ ላይ ወጥታ ቀበቶዋን አሰረች፣ ማዳመጫዋን ደፋች። ሞተሩ ተነሳ። ማማው ፈቃድ ሰጠ፤ ካፒቴን ቃሉን መለሰ። የሞተሩን ማንሻ ወደ ፊት ሊገፋ ሲል ድምፅዋ ጆሮው ውስጥ ገባ።

"የወጥ ቤቱ መጋረጃ ዘንግ ወልቋል።"

ካፒቴን እጁን መለሰ። "የወጥ ቤቱ መጋረጃ ዘንግ ወልቋል" አለ። "ስንመለስ እገጥመዋለሁ።"

"ትክክል" አለች ሚስቱ። "አሁን አንሳው።"