አሥረኛው ጥንድ ጫማ

«አትቆጠርም አልሁህ! ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

«ታዲያ ለምን አስጠሩኝ፣ ጋሼ?»

«አግዳሚ ወንበሮቹን ከሰንበት በፊት እንድታወጣልን ነዋ! ሰኞ ቤቱ ሊፈርስ ነው። ከኛ መካከል ወገብ ያለህ አንተ ብቻ ነህ።»

«አግዳሚ ለመሸከም ሰው ነኝ። ለጸሎት ሲሆን ግን…»

«ይቺስ እውነት ናት» አሉ ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ከጥግ ሆነው። «በል መልስለት እንግዲህ። እኔ ጨርቅ እንደምሰፋ እሱ ቃል ይሰፋል።»

«አንተ ደግሞ ነገር አታራግብ!» አሏቸው አጎቴ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ጫማዬን አውልቄ ደጃፉ ላይ ቆሜያለሁ፤ አንድ እግሬ ውስጥ፣ አንድ እግሬ ውጭ። ዓርብ ነበር። ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ አዘንብላለች። እሷ ስትጠልቅ ሰንበት ይገባል፤ ሰንበት ከገባ እሳት አይነካም፣ ዕቃ አይነሣም። በዚያ ቤት የሚገባው የመጨረሻው ሰንበት ነበር። ባለቤቲቱ ቦታውን ሸጣዋለች፤ ገዢው ፎቅ ሊሠራበት ነው። አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ የጸሎት ቤቱ ጠባቂ ናቸው፤ እሑድ በማለዳ ቁልፉን ያስረክባሉ። ከዚያ በፊት የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። የኢየሩሳሌምን ጉዞ ሲጠብቁ ለሞቱት ሁሉ የመታሰቢያውን ጸሎት፣ ቃዲሹን፣ በዚያ ጣሪያ ሥር አንዴ ማድረስ። ለዚያ አሥር ወንድ ያስፈልጋል። የመጡት ዘጠኝ ናቸው።

ቤቱ ቀድሞ የጤፍ መጋዘን ነበር። አባቴና አጎቴ ከእንፍራንዝ አካባቢ ከአንድ መንደር ወደ ባሕር ዳር የወረዱት ኢየሩሳሌም ለመሄድ ነው። እንደነሱ ያሉ ቤተ እስራኤላውያን ከየገጠሩ ተሰባስበው መጋዘኑን ተከራዩት፤ አንድ ክረምት ብቻ የሚቆዩ መስሏቸው። እኔ በዚያ አንድ ክረምት ውስጥ ተወለድሁ፤ ጢሜም በዚያው ክረምት ውስጥ በቀለ።

መጀመሪያ የጸለዩት ጆንያ አንጥፈው ነው። ኋላ አግዳሚ መጣ። ለሴቶቹ መጋረጃ የሚሆን ነጭ አቡጀዲ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩት አጎቴ አመጡ። ከእስራኤል አንድ ወጣት አስተማሪ መጥቶ የዕብራይስጥ ፊደል በካርቶን ላይ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። በሩን የሠራው አባቴ ነው። አያቶቹ ማረሻ ይቀጠቅጡ ነበር፤ እሱ ከተማ ገብቶ በያጅ ሆነ። ከተራረፈ ላሜራ በር ሠርቶ መሐሉ ላይ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ በየደበት። አንዱ ብረት ስላጠረው ኮከቡ ትንሽ ወደ ግራ ያጋደለ ነው። በሩ ሲዘጋ ይጮኻል። ዘይት ቀባው ሲሉት «ልንሄድ አይደል እንዴ፤ ለማን ብዬ?» ይል ነበር።

የሄዱት ሌሎቹ ናቸው። አንድ ዓመት ሦስት ቤተሰብ፣ ሁለት ዓመት ማንም፣ ከዚያ በአንድ ሳምንት ግማሹ ሰው። የቀሩት ደግሞ እየጠበቁ ሞቱ። ግድግዳው ኖራ ነው፤ ከአግዳሚዎቹ በላይ ሰዎች ለዓመታት የተደገፉበት ቦታ ጠቁሮ ቀርቷል። ትከሻ፣ ከትከሻው በላይ ራስ። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ አጎቴ እንደገና ኖራ እንዲቀባ አልፈቀዱም። እናም ዓርብ ዓርብ ዘጠኝ ሰው ከአንድ ግድግዳ ሙሉ ጥላ ጋር ይቀመጥ ነበር። ልጅ ሳለሁ ከጀርባዬ ያለውን ላለማየት አንገቴ እስኪደነዝዝ ፊት ለፊት አይ ነበር። ካደግሁ በኋላም ዞሬ አላየሁትም።

ልጅ ሳለሁ ማንም ውጣ ያለኝ የለም፤ ልጅ አይቆጠርም። ችግሩ የመጣው ጢሜ ሲበቅል ነው። እናቴ ክርስቲያን ናት፤ የሐይቁን ገዳማት ሲያገለግሉ ከኖሩ መሪጌታ ቤት ነው የወጣችው። በአባቴ መንደር ልጅ የአባቱ ነው። አስተማሪው ግን የእናቱ ነው ብሎ አስተማረ። አሥር ወንድ ካልሞላ ቃዲሽ አይባልም ያለውም እሱ ነው፤ በመንደራቸው ቄሶቹ በግዕዝ ሲጸልዩ ስንት ናችሁ ያለ አልነበረም። አስተማሪው ብዙም ሳይቆይ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሕጉ ግን እዚሁ ከኛ ጋር ቀረ። የእናቴ ዘመዶች «የኦሪቱ ልጅ» ይሉኛል፤ እዚህ ደግሞ የመሪጌታው የልጅ ልጅ ነኝ።

ሰው በጣት አይቆጠርም፤ ከተቆጠረ ይጎድላል ብለው ይፈራሉ። የሚቆጠረው ጫማ ነው። ሁሉም ደጃፉ ላይ አውልቆ ይገባል፤ በሩ አጠገብ ያለው ሰው ጥንዱን ቆጥሮ «ሞልቷል» ወይም «አልሞላም» ይላል።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በአባቴ አርባ ቀን፣ የቆጠርሁት እኔ ነበርሁ።

ያን ቀን የአባቴን ጫማ አድርጌ ነበር። ቡናማ የቆዳ ጫማ፤ የግራው ጫፍ በብየዳ ፍንጣሪ የተነቆረ። አውልቄ ልገባ ስል አጎቴ እጃቸውን ደረቴ ላይ አድርገው «አንተ ደጅ ሁን፤ ቅር እንዳይልህ» አሉኝ። በባዶ እግሬ ደጅ ቀረሁ። ትንሽ ቆይተው ከውስጥ «ሞልቷል ወይ?» አሉ። ቆጠርሁ። አሥር ነው። «ሞልቷል» አልሁ። ቃዲሹ ተጀመረ፤ የአባቴን ስም ሲጠሩ እየሰማሁ አለቀስሁ። ሲጨርሱ አንድ በአንድ እየወጡ፣ እያጽናኑኝ፣ ጫማቸውን እያደረጉ ሄዱ። መጨረሻ ላይ አንድ ጥንድ ቀረ። ጫፉ የተነቆረው።

ለማንም አልተናገርሁም። የአባቴ ጸሎት በእኔ ስሕተት መንገድ ላይ የቀረ መሰለኝ። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ዘንዘልማ በተከራየኋት ክፍል ግጥም እየጻፍሁ፣ የዚያን በር ጩኸት እሰማለሁ። በሄድሁበት ቤት ሁሉ ደጃፍ ላይ ያለ ጫማ እቆጥራለሁ።

«ኧረ ፀሐይዋ እየገባች ነው» አሉ ልብስ ሰፊው። «እኔን ሁለት አድርጋችሁ ቁጠሩኝና እንገላገል። ሆዴ እንደሁ ራሱን የቻለ ሰው ነው።»

ሁለት ሦስቱ ሳቁ። አጎቴ አልሳቁም።

«ሕግ ነው» አሉኝ። «ድሮ ቢሆን እናትህን ያገባ ቀን አባትህንም ከማኅበር እናስወጣው ነበር። ስላዘንሁለት ነው ዝም ያልሁት።»

«አዝነውለት ከሆነ አንድ ነገር ልንገርዎ» አልሁ። «በአርባው ቀን አልሞላም ነበር። ዘጠኝ ነበራችሁ። አሥረኛው ጫማ የእኔ ነው።»

ከግድግዳው በኩል አንድ አግዳሚ ሲጢጥ አለ፤ በላዩ ግን የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

አጎቴ ጎንበስ ብለው ከእግሬ አጠገብ ያለውን ጫማ አዩት። ሶሉን ሁለት ጊዜ አስቀይሬዋለሁ፤ ጫፉ ግን ያው ነው።

«የአንተ አይደለም» አሉ፣ ቀስ ብለው። «መሸንቲ ገበያ የገዛሁለት እኔ ነኝ። ያን ቀንም አይቼዋለሁ።»

«ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ እንዴት ጸለዩ?»

«ሞልቶ ነበራ። ወንድሜ መጥቷል፤ ጫማው ደጃፉ ላይ ነው። በገዛ ጸሎቱ ላይ እሱን ካልቆጠርሁ ማንን ልቁጠር?»

ሦስት ዓመት የተሸከምሁት ነገር ከትከሻዬ ወርዶ ሌላ ቦታዬን መታኝ። ያን ቀን ከዚያ ጫማ አጠገብ በባዶ እግሬ የቆምሁት እኔ ነበርሁ፤ የተቆጠረው ግን የሞተው ነው።

«አሁንስ?» አልሁ።

አጎቴ በመስኮቱ የቀረችውን ብርሃን አዩ። «አግዳሚዎቹ ይቅሩ፤ ቤቱ ይፍረስባቸው። አንተ ሂድ።» ከዚያ ዓይኔን ሳያዩ፣ «ጫማውን ተወው» አሉ።

«ኧረ አንተ ሰው! ልጁ በባዶ እግሩ እስከ ዘንዘልማ?» አሉ ልብስ ሰፊው።

«ባጃጅ አለ።»

ጎንበስ ብዬ ጫማውን ያዝሁት። ይዤው ብወጣ ዘጠኙ ይበተናሉ፤ ከሰኞ በኋላ ለነዚያ ሙታን የሚጸለይበት ቤት የለም። ቆዳው ገና የእግሬ ሙቀት አለበት። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ፣ ጫፋቸውን ወደ ውስጥ አዙሬ፣ ከሌሎቹ ተርታ መልሼ አስቀመጥኋቸው። ቀና ስል ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳውን ትክ ብዬ አየሁት። አባቴ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ በላይ፣ ከመስኮቱ ሦስተኛው ላይ፣ አንድ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ያለ ጥላ አለ። የብየዳ መሣሪያ የሚሸከምበት ትከሻ ነበር።

ወጣሁ። የግቢው ጠጠር እግሬን ወጋኝ። ከኋላዬ አንዱ «ሞልቷል» አለ፤ የአባቴም በር ጮኾ ተዘጋ።