በነጻ ለመግባት የተጻፉ ደብዳቤዎች

ያን ጊዜ ኃላፊዬን «እርስዎ» እለው ነበር። ዛሬ አልለውም። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንቱታ የምሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛችን። ገረሴ ተወልደው በገሞኛ ያደጉ፣ አርባ ምንጭ ላይ ወልደው የከበዱ፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት የቀሯቸው ሴት ነበሩ። ቢሮው በሙሉ «እማዬ» ይላቸዋል። ኃላፊው ብቻ «አንቺ» ይላቸው ነበር።

እኔ ከጎጃም መጥቼ በላይኛው የአርባ ምንጭ ከተማ፣ ሴቻ፣ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ከተቀጠርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ ኃላፊው ስልኩን አውጥቶ ከከተማው ግርጌ ስላለው ብሔራዊ ፓርክ አነበበልን። በመስኮታችን ቁልቁል የምናየው፣ ሁለቱን ሐይቆች የለየው ጉብታ የእሳተ ገሞራ ሥራ መሆኑን ነገረን። እሱም ያወቀው ያን ዕለት እንደሆነ ያስታውቃል፤ አነባበቡ ግን ጉብታውን ራሱ የሠራው ያስመስለው ነበር።

«ሠራተኛው ሀብቱን ማወቅ አለበት። የልምድ ልውውጥ ጉብኝት እናደርጋለን» አለ።

ደስ አለን። ከሁላችንም የበለጠው የእማዬ ደስታ ነበር። «ይህን ሁሉ ዘመን ከላይ ሆኜ ሳየው ኖርኩ፤ አንድ ቀን ወርጄ አልረገጥኩትም» አሉኝ ከስብሰባው ስንወጣ።

ኮሚቴ ተቋቋመ። እሱ ሰብሳቢ፣ እኔ ጸሐፊ፣ እማዬ የሴቶች ተወካይ። የመጀመሪያው ሥራዬ የመግቢያ ዋጋውን መጠየቅ ነበር። ወደ ፓርኩ ደወልኩና የሰማሁትን ለኃላፊው ነገርኩት። ለውጭ ዜጋ ሌላ ነው፣ ለኢትዮጵያዊ ሌላ፤ ተማሪ ቅናሽ አለው፤ መኪና ለብቻው ይከፈልበታል፤ አብሮ ለሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ፣ ለስካውቱም፣ ለብቻው። ከአንድ ኢትዮጵያዊ የሚጠየቀው ታችኛው ከተማ ሲቀላ ወርደን ከምንበላው ዓሣ ያነሰ ነበር።

ኃላፊው ፊቱ ተለዋወጠ። «እንከፍላለን? የመንግሥት ሠራተኛ የመንግሥት ፓርክ ለመግባት ይከፍላል? ደብዳቤ ጻፍ!»

ጻፍኩ። ከክፍያ ነጻ እንዲያደርጉን በትሕትና ጠየቅሁ። ትሕትናዬን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ «እንጠይቃለን» የሚለውን «እናሳውቃለን» አደረገው። መልሱ በሳምንቱ መጣ፤ ዋጋው በመመሪያ የተወሰነ ስለሆነ ማንም ይከፍላል የሚል ጨዋ ደብዳቤ ነበር።

«ደብዳቤዋ መጥቷል» ብለው እማዬ ሲያስገቡለት፣ መልሱን ከማንበቡ በፊት አማርኛቸውን አረመ። «ደብዳቤው በይ። ስንት ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጠሽ?» እማዬ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። እኔ አፍ መፍቻዬ አማርኛ ነውና ያን ቀን ተናግሬላቸው ብሸማቅ ይሻለኝ ነበር። ሁለተኛውን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ።

ሁለተኛው ደብዳቤ ለአምስት ቦታ ግልባጭ ተደረገለት። ሦስተኛው «ቅሬታን ስለመግለጽ» ይል ነበር። ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ስብሰባ ተቀመጥን፤ ለእያንዳንዱ ስብሰባ በመሥሪያ ቤቱ ወጪ ለስላሳ ጠጣን። በመጨረሻ ኃላፊው አዲስ ዘዴ ይዞ መጣ።

«ተማሪ ቅናሽ አለው አላልክም? ተማሪ ነን እንበላቸው። የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ የሚያውሰን አይጠፋም።»

ራሱ የተመለጠ፣ ሆዱ ከቀበቶው የፈሰሰ ሰው ነው ይህን የሚለው። እማዬ ከልባቸው አሰቡበትና «እኔ ስንተኛ ዓመት ልሁን?» ብለው ጠየቁ። ሳቄ አመለጠኝ። እሱ አልሳቀም፤ ዘዴው ግን እዚያው ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ ሚኒባስ ወረድን። እማዬ ከላንቴ የመጣ ሙዝ በፌስታል ይዘው ለሁላችን አደሉ። በር ላይ ስንደርስ ኃላፊው የደብዳቤዎቹን ቅጂ በክላሰር ታቅፎ ወረደ። ትኬት ቆራጩ አንደበተ ለስላሳ ልጅ እግር ሰው ነበር።

«ጌታዬ፣ መልስ ሰጥተናችኋል እኮ።»

«እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?»

«አላወቅሁም፤ ይቅርታ። ግን ባውቅዎትም ባላውቅዎትም ሁሉም ይከፍላል።»

ኃላፊው ስልክ መደወል ጀመረ። አንዱ አያነሳም፣ ሌላው «ስብሰባ ላይ ነኝ» ይላል፤ በቅዳሜ። ፀሐይዋ ወጣች፤ ሚኒባሷ እንደ ምድጃ ጋለች። ከኋላችን የመጡ ሰዎች እየከፈሉ አለፉን። አሥራ ሁለት ሠራተኞች ዛፍ ሥር ቆመን አንድ ሰው ክብሩን እስኪያስመልስ እንጠብቃለን። በሁላችንም ኪስ ውስጥ የመግቢያው ብር ነበር፤ አንዳችንም እጃችንን ወደ ኪሳችን አልሰደድንም።

እማዬ ሰደዱ። የመሐረባቸውን ጫፍ ፈትተው ገንዘቡን ሰጡ፤ ትኬታቸውን ተቀበሉ። ከአዋሳ የመጡ ባልና ሚስት መኪናቸው ውስጥ ቦታ ነበራቸው። «ግቡ እናታችን» አሏቸው።

«ወዴት ነው አንቺ!» አለ ኃላፊው።

«ላየው ነው ጌታዬ» አሉና ገቡ።

ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ና» የሚል አስተያየት ነበር። እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ስለሆንኩ ከሰብሳቢው ጎን ቆምኩ። እኩለ ቀን ላይ ተስፋ ቆርጦ ወደ ሲቀላ መለሰን፤ ዓሣ በላን።

ሰኞ ዕለት ሪፖርት እንድጽፍ አዘዘኝ፤ ጉብኝቱ በተሳካ ሁኔታ መከናወኑን። «ውስጡን በደንብ አብራራው» አለ። ውስጡን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ስለነበር መዝገብ ቤት ሄድኩ። እማዬ ወንበር ሰጥተውኝ ያለ ስስት ነገሩኝ። ጉብታው ላይ ጥቁር ድንጋይ አለ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ ሲያነሱት ግን ክብደቱ ከሚመስለው በላይ ቀላል ነው። በአንድ በኩል ቀላ ያለ ውኃ፣ በሌላው ሰማያዊ። ነፋሱ ከሁለቱም ወገን ስለሚመጣ ነጠላቸውን ሊወስደው ነበር። የሜዳ አህያ ከሩቅ አይተው በገሞኛ ጮክ ብለው እንደተናገሩና ባልና ሚስቱ ምን አሉ ብለው እንደጠየቋቸው እየሳቁ ነገሩኝ።

ሁሉንም ጻፍኩት፤ የገሞኛውን ብቻ ተውኩ። ኃላፊው አነበበና የተሳታፊዎችን ዝርዝር አየ። የእማዬን ስም ሰረዘ።

«ከቡድኑ ተነጥላለች» አለ።

አጥፍቼ እንደገና አተምኩት። እማዬ ሪፖርቱን ተቀብለው ቁጥር ሰጡት፣ ማኅተም መቱበት፣ ዝርዝሩን በጣታቸው ወርደው ጨረሱ፤ ከዚያ ፋይሉ ውስጥ አስገቡት።

በሩብ ዓመቱ ግምገማ ላይ ኃላፊው ስለ ቀላሉ ጥቁር ድንጋይና ስለ ነፋሱ ቆሞ አነበበ። ጥሩ አድርጎ አነበበ፤ ከበላዮቹ አንዱ «ግሩም ተሞክሮ ነው» አለው። አዳራሹ አጨበጨበ። እማዬ የኋላው ረድፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ይሰሙ ነበር። እኔ ፊት ለፊት ነበርኩ፤ አጨበጨብኩ።