የእናቴን እግር የጠቀለልኩበት ወራት

እናቴ ሐይቅ ከተማ ገበያ ላይ ሽንኩርትና በርበሬ ስትሸጥ የኖረች፣ ቁጭ ብሎ መዋል የማይሆንላት ሴት ናት። የስኳር ሕመም እንዳለባት ካወቀች ቆይታለች። ጦርነቱ ወደኛ በቀረበበት ዓመት ጫማዋ ውስጥ የገባች ጠጠር ከአውራ ጣቷ ሥር አቆሰለቻት። እግሯ በስኳሩ ደንዝዞ ስለነበር ደሙን እስክታይ አልተሰማትም። ቁስሉ እየታጠበ እየታሸገ ሁለት ወር አለፈው፤ አልደርቅ አለ።

የጤና ጣቢያው ነርስ ቤታችን መጥታ ቁርጭምጭሚቷን በጣቷ ተጫነች። የተጫነችበት ቦታ ሰርጉዶ ቀረ።

"እማማ፣ ቁስሉን ያዘገየው እብጠቱ ነው። እብጠቱ ካልቀነሰ አይድንልዎትም" አለቻት። ከዚያ የእግሯን ጀርባ ዳብሳ የደም ትርታውን ፈለገች፣ ግፊቱንም ለካች። "ደም ወደ እግሩ በደንብ ይወርዳል። ባይወርድ ኖሮ እግሩን ማሰር አደጋ ነበር።"

በሚሳብ ፋሻ ከጣቶቿ ሥር ጀምራ እስከ ጉልበቷ ጠቀለለችው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጨርቅ ምን ያህል እንደሚወጠር እጄ ያውቃል። "ልሞክር?" አልኳት። ሦስቴ አስፈታችኝ። በአራተኛው "ይሄ ነው! ከታች ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ። ጣቶቻቸው ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ ግን ቶሎ ፍታው" አለችኝ።

የከበደን ግን ሌላ ነገር ነበር። እግሯ ትራስ ላይ ከፍ ብሎ መዋል ነበረበት፤ እናቴ ግን ጠያቂ በገባ ቁጥር ታወርደዋለች። "በትልቅ ሰው ፊት እግሬን ልሰቅል?" ትላለች። አንድ ቀን ጎረቤታችን ሼኹ ሲገቡ ልታወርድ ስትል ተቆጣኋት። ሼኹ ነገሩን ሲረዱ ጎንበስ ብለው ትራሱን ራሳቸው አስተካከሉላት።

"ልንጠይቅሽ እንጂ ልትነሺልን አልመጣንም። አላህ ያሽርሽ፣ ከፍ አድርጊው" አሏት። ከዚያ ወዲያ አላወረደችም።

ብዙም ሳይቆይ ውጊያው ከተማችን ገባ። ጤና ጣቢያው ተዘረፈ። ነርሷ ወላጆቿ ወዳሉበት ወደ አምባሰል ገጠር ከመሸሿ በፊት የስኳር ኪኒን፣ ሁለት ፋሻና ጥቂት የቁስል መሸፈኛ ጎዝ አምጥታ "እንግዲህ አንተ ነህ" አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር።

ጎዙ ሲያልቅ ንጹሕ ነጠላ ቀድጄ፣ አፍልቼ፣ አድርቄ ተጠቀምኩ። አንዱ ፋሻ ታጥቦ ሲሰጣ በሌላው እጠቀልላለሁ። ጠዋት ጠዋት ቁርጭምጭሚቷን በልብስ መለኪያ ሜትሬ እለካለሁ። ከባድ መሣሪያ ሲተኮስ ቤታችን ይርዳል፤ እናቴ ግን "በል ሥራህን ሥራ፣ ፋሻው እንዳይላላ" ትለኛለች። እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለ። ተሸፍኖ የከረመው የቁርጭምጭሚቷ አጥንት ታየ፤ ቁስሉም ከዳር ዳር እየጠበበ መጣ።

ውጊያው ርቆ ነርሷ ስትመለስ በመጀመሪያ የመጣችው እኛ ቤት ነው። ፋሻውን ፈትታ ብታይ፣ ቁስሉ ገጥሞ ሮዝ ቆዳ ለብሷል። ዳር ዳሩን ዳሰሰችና ወደ እኔ እያየች ፈገግ አለች።

"እማማ፣ የትኛው ሐኪም አየልዎት?"

"ልጄ ነዋ!" አለች እናቴ ቀና ብላ። "ያውም ልብስ ሰፊ!"

ጤና ጣቢያው እንደገና ሲከፈት ነርሷ አስጠርታኝ ለአዳዲሶቹ ባለሙያዎች አጠቃለሉን እንዳሳያቸው ጠየቀችኝ። እናቴን ይዤ ሄድኩ፤ እግሯን ስጠቀልል ነጭ ጋወን ለብሰው ከበቡኝ። ስጨርስ አንደኛው በትሕትና "የት ነው የተማሩት?" አለኝ። ከወንበሯ ላይ ሆና ስታየኝ የነበረችው እናቴ እኔን ቀድማ "እኔ እግር ላይ!" አለችው። ሁሉም ሳቁ፤ እኔ ግን እንባዬን ለመደበቅ ፋሻውን መጠቅለል ያዝኩ።